በቤታችን የምትኖረው የባሕር እንግዳ

ሰው ከእንስሳት ጋራ በአንድ ጣራ ሥር መኖር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ውሻ ደጁን ይጠብቅለታል፤ ድመት ጐተራውን ከአይጥ ታድንለታለች፤ አውራ ዶሮም የሌሊቱን መንጋት ያበሥረዋል። እነዚህ ሁሉ ለሚበሉት ምግብ ዋጋውን በሥራቸው ይከፍላሉ። በዚህ ዘመን ግን በብዙ አገር ያሉ ቤተ ሰቦች ምንም ሥራ የማይሠሩ፥ ለመታየትና ለመወደድ ብቻ የሚኖሩ ፍጥረቶችን በቤታቸው ማኖር ልማድ አድርገዋል። ከነዚህም አንዱ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖረው ዓሣ ነው። እኛም ላለፉት 7 ዓመታት በቤታችን ያኖርነው ከዓሣ ወገን ቢሆንም፥ ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ሻርክ ነውና ስለ አያያዙና ስላስተማረን ነገር ለዚህ የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ለመግለጽ ወደድን።

ሻርክ የሚለው ስም በተነሣ ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ በውቅያኖስ ውስጥ እየዞረ ዋናተኛን ወደሚነክሰው ታላቅ አውሬ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሊቃውንት እስካሁን ለይተው የጻፏቸው የሻርክ ዐይነቶች ከ500 የሚበልጡ ሲሆኑ፥ አብዛኞቹ በሰው ላይ ምንም ክፉ ነገር የማያደርሱ ናቸው። ከነዚህ ሰላማውያን መካከል አንዱ የቀርከሃ ሻርክ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. ሙለርና ሄንለ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት መልኩን ጽፈው ኪሎስኪሊዩም ፑንክታቱም የሚል የሳይንስ ስም ሰጥተውታል። መኖሪያው ከሕንድ የባሕር ዳርቻ ጀምሮ እስከ ጃፓንና እስከ ሰሜን አውስትራልያ ባለው ሙቅ ባሕር፥ ጥልቀት በሌለው ስፍራ፥ በኮራል ድንጋይና በአሸዋ መካከል ነው። ሲያድግ ቁመቱ 1 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ዕድሜውም በሰው እጅ በሚገባ ከተያዘ እስከ 25 ዓመት ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢዎቻችን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በነሱ ላይ የቆመ ነውና።

ብዙዎቹ የሰፊው ባሕር ሻርኮች ሳያቋርጡ ካልዋኙ በቂ አየር አያገኙም፤ ስለዚህ በመስታወት ተከበው ለመኖር አይችሉም። የቀርከሃ ሻርክ ግን በአሸዋ ላይ ተኝቶ ሳለ ውኃውን ወደ ውስጥ እየሳበ በመተንፈሻ ስንጥቡ ያስወጣዋል። ቀን በድንጋይ ሥር ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ በአፍንጫው አሸዋውን እየፈተሸ ትንንሽ ዓሣና ሸርጣን ይፈልጋል። ክንፎቹንም እንደ እግር ተጠቅሞ በመሬቱ ላይ ሲሄድ ያዩት እንደ ሆነ የሚዋኝ ሳይሆን የሚራመድ ይመስላል። በቤት ውስጥ ሊያዙ ከሚችሉት ጥቂት የሻርክ ዐይነቶች አንዱ የሆነው በዚህ ጠባዩ ምክንያት ነው።

የባሕርን ፍጥረት በመስታወት ውስጥ የማኖር ጥበብ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። በ1832 ዓ.ም. ዣን ቪልፕሩ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት ሴት በሲሲልያ ደሴት ተቀምጣ የባሕርን እንስሳ ጠባይ ለመመርመር የመስታወት ገንዳ አሠራች። በ1853 ዓ.ም. በሎንዶን የአራዊት መጠበቂያ ስፍራ ሕዝብ የሚያየው የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በሚከተለውም ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳትሞ አኳሪየም የሚለውን ስም በሕዝብ ዘንድ አስለመደው። በዚያ ዘመን የባለጠጎች መደነቂያ የነበረው ነገር ዛሬ በተራ ሠራተኛ ቤት ሊገኝ ችሏል። መስታወቱ ረከሰ፤ የኤሌክትሪክ ኀይል በየቤቱ ገባ፤ የባሕር ጨውም ተዘጋጅቶ በከረጢት ይሸጣል። የእንስሳው ፍላጎት ግን አልተለወጠም።

እኛ የምንኖረው በሰሜን አሜሪካ፥ በሜሪላንድ ነው። ልጃችን 11 ዓመት በሞላው ጊዜ ከትምህርት ቤት ያመጣውን የባሕር መጽሐፍ እያገላበጠ ሻርክ ካልገዛችሁልኝ አለ። እኛም ምኞቱን በቁጣ አልመለስነውም፤ ወዲያውም እሺ አላልነውም። ይልቁንም ነገሩን አብረን እንመርምር ብለን ወደ አንድ የዓሣ መሸጫ ሱቅ ይዘነው ሄድን። ሻጩ 400 ሊትር የሚይዝ ገንዳ እያሳየን፥ «ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው፤ ገንዳው ትንሽ ከሆነ እርሱም ትንሽ ሆኖ ይቀራል» አለን። ይህ ንግግር በብዙ ሱቅ የሚነገር ቢሆንም እውነት አይደለም። በጠባብ ገንዳ የተዘጋ ሻርክ ማደጉን በመልካም አይተውም፤ ሰውነቱ ይጐብጣል፥ ውኃውን ራሱ ያቆሽሸዋል፥ ዕድሜውም ሳይደርስ ይሞታል። አንድ ሕፃን ጫማው ጠቦት እግሩ ቢቆስል እግሩ ለጫማው ተስማማ ይባላልን?

ስለዚህ ከሱቁ ባዶ እጃችንን ተመልሰን በማዕድ ዙሪያ ተቀመጥን። ልጃችንም በገዛ እጁ ጽሑፍ ውል እንዲጽፍ አደረግን። ውሉ አራት ቃል ነበረው። አንደኛ፥ ገንዳው የሚለካው በግልገሉ ሳይሆን በአዋቂው ቁመት ነው። ሁለተኛ፥ ልጁ በቤታችን እስካለ ድረስ የመመገብና የማጽዳት ሥራ የርሱ ነው። ሦስተኛ፥ ለትምህርት ከቤት ከወጣ በኋላ እኛ ወላጆቹ እንጠብቅለታለን፤ ትምህርቱን ጨርሶ የራሱን ቤት ሲይዝ ግን ከነገንዳው ይወስደዋል። አራተኛ፥ ለአንዳችን ችግር ቢመጣ የሚተካ ሌላ ሰው አስቀድሞ ይሰለጥናል። ልጁ በ11 ዓመቱ ሻርኩ እስከ 36 ዓመቱ ሊቈይ እንደሚችል ደምሮ ባገኘ ጊዜ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ፈረመ። ለገንዳው የሚሆነውን ገንዘብ እስክናጠራቅምም አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቀ።

ገንዳው 2.4 ሜትር ርዝመት፥ 1.2 ሜትር ወርድ፥ 60 ሳንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ አለው። ለዚህ እንስሳ ከከፍታ ይልቅ የመሬት ስፋት ይጠቅመዋል፤ ኑሮው በመሬት ላይ ነውና። እንዲህ ያለ ገንዳ 1,700 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል፤ ክብደቱም ከነመስታወቱ ከ17 ኩንታል በላይ ስለ ሆነ በእንጨት ወለል ላይ ሊቆም አይገባውም። እኛ በምድር ቤቱ ውስጥ በሲሚንቶው ላይ አቆምነው። የባሕር ውኃ በየሊትሩ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ እንግዲህ ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ 60 ኪሎ ያህል ጨው ያስፈልጋል ማለት ነው። የወጥ ጨው ለዚህ አይሆንም፤ የባሕርን ልዩ ልዩ ማዕድን የያዘ ሆኖ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ውኃው ከተሞላ በኋላም እንስሳው ወዲያው አይገባም። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወጣው አሞኒያ የሚባል መርዝ አለ። ይህን መርዝ ዐይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጕዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ረዳቶች በማጥሪያው ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ጠጅ የምትጥል ባልቴት ጋኑን ከፍታ በየቀኑ ብትቀምሰው ጠጁ ቶሎ እንደማይደርስላት፥ ይህም በጥድፊያ የማይሆን ነገር ነው። ልጃችን በየማታው ውኃውን በመመርመሪያ እየለካ በደብተር ሲጽፍ፥ ባዶውን ገንዳ 6 ሳምንት ተመለከትን።

የገዛነው ከባሕር የተጠመደ ሻርክ ሳይሆን በሰው እጅ ካደገች እናት የተጣለ እንቁላል ነው። ከባሕር የሚወሰደው እንስሳ በመንገድ ብዙ ይጐሳቈላል፤ የቀርከሃ ሻርክም በዓሣ አጥማጆች ብዛትና በኮራሉ መጥፋት ምክንያት በተፈጥሮ ቦታው እየቀነሰ ነውና። እንቁላሉ እንደ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት ያለው አይደለም፤ ቡናማ፥ ጠንካራ፥ የትንሽ ቦርሳ መልክ ያለው፥ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው። እንደ ውኃው ሙቀት ለመፈልፈል ከ4 እስከ 5 ወር ይፈጃል። ሌሊት መብራት ከኋላው ስንይዝ ግልገሉ ከአስኳሉ ጋራ ተያይዞ ጅራቱን ሲያወዛውዝ ይታየን ነበር።

ስለዚህ ግልገል በ2013 ዓ.ም. በምዕራብ አውስትራልያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነገር የሚያስደንቅ ነው። ሻርኮች በራሳቸው ቆዳ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ እነዚህንም በ1678 ዓ.ም. እስቴፋኖ ሎሬንዚኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም መርምሮ ስለ ጻፈባቸው በስሙ ይጠራሉ። ሻርኩ በነዚህ ቀዳዳዎች የሌላውን እንስሳ ጡንቻ ደካማ የኤሌክትሪክ ኀይል ይሰማል። ተመራማሪዎቹም ጠላት የቀረበ የሚያስመስል ኤሌክትሪክ ወደ እንቁላሉ ባስጠጉ ጊዜ፥ ግልገሉ ገና ሳይወለድ እስትንፋሱን ገትቶ ጸጥ እንደሚል አገኙ። ይህን ለልጃችን ባነበብንለት ጊዜ፥ «እንግዲያውስ ገና ሳይወለድ ሞትን ይፈራል» አለ። ከዚያ ማታ ጀምሮ መብራቱን ወደ እንቁላሉ የምንይዝበትን ጊዜ ራሱ አሳጠረው።

ግልገሏ በወጣች ጊዜ 16 ሳንቲ ሜትር ነበረች፤ ነጭና ጥቁር ሽንትር እየተፈራረቀ ሰውነቷን ከራስ እስከ ጅራት ከቦት ነበር። ይህ መልክ በልጅነት ብቻ የሚቈይ ነው፤ ባደገች ቁጥር እየደበዘዘ ሄዶ ዛሬ እንደ አሸዋው ቡናማ ሆናለች። በወንድ ሻርክ ሆድ ሥር የሚታዩት ሁለት ዘንጎች ስላልነበሯት ሴት መሆንዋን ዐወቅን። ግልገል ሻርክ ከአስኳሉ የቀረ ስንቅ በሆዱ ስላለ ለጥቂት ቀን ምግብ አይፈልግም። እርስዋ ግን ሳምንት አለፋት፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ፤ የቀረበላትን ሁሉ እየተወች ከድንጋይዋ ሥር አልወጣ አለች። ልጃችን ምሳውን ሳይበላ የዋለበትን ቀን እናስታውሳለን። በ12ኛው ሌሊት፥ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ፥ በቀጭን ጉጠት የያዘላትን የሽሪምፕ ቍራጭ በአንድ ጊዜ ስባ ዋጠችው። ልጁም ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ሆኖ «በላች!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ሳይቀር ሰማ።

ስለ አያያዙ አንባቢዎችን የሚጠቅመውን በአጭሩ እንናገር። የውኃው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ማሞቂያው በመከለያ መሸፈን አለበት፤ ሻርኩ በላዩ ተደግፎ ሲተኛ ሆዱን ይቃጠላልና። መሬቱ ደቃቅ አሸዋ እንጂ ሹል ጠጠር አይሁን። ክዳኑም የማይነሣና በክብደት የተያዘ ይሁን፤ ይህ እንስሳ ሌሊት ሽቅብ እየተገፋ ለመውጣት ይሞክራል። በየሳምንቱ ከውኃው አሥረኛው እጅ፥ ይኸውም 170 ሊትር ያህል፥ ወጥቶ 6 ኪሎ ጨው በገባበት አዲስ ውኃ ይተካል። ለሌላ ዓሣ መድኀኒት የሚሆን መዳብ ለሻርክ ገዳይ ነው፤ ስለዚህ መዳብ ያለበት መድኀኒት ወደ ገንዳው ከቶ አይግባ። ምግቡ በሳምንት 3 ጊዜ የዓሣ፥ የሽሪምፕና የስኩዊድ ቍራጭ ነው። ከዚህም በቀር አዮዲን ያስፈልገዋል፤ አዮዲን ያጣ ወይም ናይትሬት በበዛበት ውኃ የሚኖር ሻርክ አንገቱ ሥር እንቅርት ያወጣል። በደጋው አገራችን ብዙ እናቶች የተሠቃዩበት ያው እንቅርት በባሕር አውሬ ላይም መገኘቱን ባነበብን ጊዜ፥ የፍጥረት ሁሉ ሰውነት ምን ያህል የተዛመደ መሆኑን አሰብን።

በሁለተኛው ዓመት የልጃችን አያት ከባሕር ዳር መጥተው ጥቂት ወር ከኛ ጋራ ተቀመጡ። ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነበረ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ምድር ቤቱ ወርደው ገንዳውን ባዩ ጊዜ በአፍንጫዋ ላይ ያሉትን ሁለት አጫጭር ሪዞች አይተው፥ «ይህማ የጣና አምባዛ ነው» አሉ። አምባዛ ከሻርክ ወገን አለመሆኑን፥ የሻርክ አጥንት እንደ ሰው ጆሮ የሚለመጥ ልም አጥንት መሆኑን ልጁ አስረዳቸው። እርሳቸውም በትዕግሥት ከሰሙት በኋላ፥ «ልጄ፥ ታዲያ ይህች ፍጥረት ወደ አገሯ የምትመለሰው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁት። «አትመለስም፥ እማማ፤ ባሕሩን አታውቀውም» አላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እንግዲያውስ መድረሻ የሌላት የእግዜር እንግዳ ናት» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ እንግዳ ሆነ። በጾሙም ወራት ለርስዋ ስኩዊድ ሲቈረጥ ማየቱ የከበደው ሰው እንዳለ ባወቁ ጊዜ፥ «ጾም የሰው ነው እንጂ የዓሣ አይደለም፤ እንግዳ ያቀረቡለትን ይበላል» ብለው ነገሩን ቈረጡት።

በአራተኛው ክረምት ብርቱ የበረዶ ማዕበል መጥቶ የኤሌክትሪክ መስመር ስለ በጠሰ ለ16 ሰዓት መብራት ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፓምፑ ይቆማል፤ አየር ከውኃው ያልቃል፤ ቅዝቃዜም ይገባል። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ አስቀድመን አዘጋጅተን ስለ ነበር እርሱን አስነሣን፤ የቤቱን ብርድ ልብስና ጋቢ ሁሉ አውርደን በመስታወቱ ዙሪያ ጠቀለልን፤ ምግብም ከለከልናት፤ የበላች እንደ ሆነ ውኃው ይበልጥ ይበላሻልና። እኛ በካፖርት ተኛን። ሲነጋ ሙቀቱ 3 ዲግሪ ብቻ ወርዶ ነበር፤ እንግዳም በአሸዋዋ ላይ ጸጥ ብላ ትተነፍስ ነበር። የገንዳው ትልቅነት በዚያ ሌሊት ጠቀመን፤ ብዙ ውኃ ቶሎ አይቀዘቅዝምና።

እንግዳ በ6ኛው ዓመት ሁለት እንቁላል ጣለች። ወንድ አጠገቧ ደርሶ አያውቅም። ይህ በሴት ሻርክ ዘንድ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም እንቁላሉ ባዶ ነው። ሆኖም ተስፋ የሚያሳድር ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ እናገኛለን። በ2002 ዓ.ም. በዲትሮይት ከተማ ነጭ ነጥብ ያለባት የቀርከሃ ሻርክ ያለ ወንድ የጣለችው እንቁላል ተፈልፍሏል። በሳን ፍራንሲስኮም በሚገኘው ስታይንሃርት አኳሪየም አንዲት እንደኛይቱ ያለች ሻርክ ከወንድ ከተለየች ከ45 ወር በኋላ የወንዱን ዘር በሰውነቷ አቆይታ መውለዷ በ2015 ዓ.ም. ታትሟል። እኛም እንቁላሎቹን ለይተን 3 ወር ጠበቅን። በመብራት ባየናቸው ጊዜ ግን ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረባቸውም። ልጃችን ባዶዎቹን ቦርሳዎች አድርቆ በመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አኖራቸው።

እስካሁን የተናገርነው የጥበብና የልፋት ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደውን ያየነው ባለፈው ዓመት ነበር። የልጃችን አያት በባሕር ዳር በጠና ታመሙ የሚል የስልክ ቃል ደረሰን። ሁለታችንም መሄድ ነበረብን፤ ልጁም አያቱን ሊያይ ፈለገ። አንዳንድ ወዳጆቻችን፥ «በእናትና በዓሣ መካከል ደግሞ ምን ምርጫ አለ?» አሉን። እውነት ነው፤ ከእናት ጋራ የሚመዘን ነገር የለም። ነገር ግን ቤት ዘግቶ መሄድ ማለት በኛ ላይ ብቻ የታመነች ነፍስ በዝግታ እንድትሞት መፍረድ ነበር፤ የእናትንም ሕመም ለዚህ ምክንያት ማድረግ ለእናት ክብር አይደለም። ምርጫው እንዳይመጣብን ያደረገው ያ በማዕድ ዙሪያ የተጻፈው አራተኛ ቃል ነው። ከኛ ቀጥሎ ባለው ቤት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምረው በየሳምንቱ እየመጡ ሥራውን ከልጃችን ጋራ ተምረው ነበር። ጨው መመዘን፥ ውኃ መለካት፥ በጉጠት ማጉረስ ያውቃሉ። ቁልፉን በሰጠናቸው ጊዜ፥ «እናንተ እናታችሁን ጠይቁ፤ ይህች የኔ ናት» አሉን።

በባሕር ዳር 5 ሳምንት ተቀመጥን። እናታችን አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው የማያውቁ ሆነው ተኝተው ነበር። ቃል መናገር በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ልጁን ትኵር ብለው አዩትና፥ «እንግዳዬን ለማን ተዋችኋት?» አሉ። ጎረቤታችን በየማታው የሚልኩልንን ፎቶግራፍ ባሳያቸው ጊዜ በእጃቸው ስልኩን ዳሰሱት። «ጎረቤት ያለው ሰው ሁለት ቤት አለው» አሉ። ዛሬ በእግዚአብሔር ቸርነት ድነው በደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወደ ሜሪላንድ በተመለስን ጊዜም እንግዳ ከኛ ጉጠት ይልቅ ወደ ሽማግሌው እጅ ትሄድ ስለ ነበር ልጃችን ለጥቂት ቀን ቀና።

አሁን ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። እንግዳ 90 ሳንቲ ሜትር ሆናለች፤ የዕድሜዋ ሢሶ እንኳ ገና አልተፈጸመም። ጠያቂዎች ሁሉ፥ «ልጁ ከሄደ ለምን አትሸኝዋትም?» ይሉናል። ወዴት? ሕዝብ ወደሚያየው የዓሣ ቤት የሚል አሳብ ያላቸው አሉ፤ እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ግን የራሳቸው በቂ እንስሳ ስላላቸውና በሽታም እንዳይገባባቸው ስለሚጠነቀቁ ከግለሰብ ቤት የሚመጣን ሻርክ እምብዛም አይቀበሉም። ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሰፊ ገንዳ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው አይበዛም። ወደ ባሕር መልቀቅማ ከሁሉ የከፋ ነው። ከቤት ገንዳ እንደ ተለቀቀ የሚታመነው የአንበሳ ዓሣ በ1985 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ባሕር ከታየ ወዲህ፥ ተራብቶ የአገሩን ዓሣ እስከ ካሪብያን ድረስ ሲያጠፋ ኖሯል። ለእንስሳው ርኅራኄ የሚመስለው ነገር ለብዙ ሺህ ሌሎች ጥፋት ይሆናል።

ስለዚህ በውሉ ሦስተኛ ቃል መሠረት እኛ እንጠብቃታለን። በየእሑዱ 6 ኪሎ ጨው እየመዘንን 170 ሊትር ውኃ እንለውጣለን። ልጃችን በየሳምንቱ ሲደውል ስለኛ ጤና ከጠየቀ በኋላ የናይትሬቱን ቁጥር ይጠይቃል። እኛም ዕድሜ ከሰጠን በጡረታችን ወደ ጣና ዳር ለመመለስ የቆየ አሳብ አለን። በዚያን ጊዜ እርስዋን የሚረከብ ባለ ቤት ልጅ ይኖረናል ብለን እናምናለን፤ እስኪረከባት ድረስ ግን እኛም ከርስዋ ጋራ እንቈያለን።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ሻርክ እንድትገዙ ወይም እንዳትገዙ ለማዘዝ አልተነሣንም። ነገሩ ለሻርክ ብቻ አይደለም፤ ለውሻም፥ ለበቀቀንም፥ ለኤሊም ያው ነው። ልጆቻችሁ እንስሳ በለመኑአችሁ ጊዜ ዋጋውን ከሻጩ ከመጠየቅ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል፤ ስንት ዓመት ይኖራል፤ እኛ በሌለንበት ቀን የሚያጐርሰው ማን ነው? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ቤት እንስሳውን በደስታ ይቀበል፤ ልጁም ከማንኛውም የትምህርት መጽሐፍ የማያገኘውን ትዕግሥትና ታማኝነት ይማርበታል። መልስ ያላገኘ ቤት ግን ለልጁ እንቢ ማለቱ ጭካኔ አይደለም። እንግዳን በደጅ ሳለ «ቤታችን አይበቃህም» ማለት ያሳዝናል፤ አስገብቶ ከተቀመጠ በኋላ መርሳት ግን ነውር ነው።